ምድር ቤት የቆመ ኮርስ ብስክሌት ስንት ያወጣል?

«አንተ የሳይክል ነገር ታውቃለህ አሉ። እስቲ ይሄ ስንት እንደሚያወጣ ንገረኝ» አሉኝ እትዬ፣ የምድር ቤቱን መብራት እያበሩ።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፏል። ዕቃቸውን ቀስ በቀስ መልክ እያስያዙ ነው። ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ አንሶላ የለበሰ ነገር ቆሟል። አንሶላውን ሲገፉት ቀጭን የኮርስ ብስክሌት ብቅ አለ። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ተጠቅልሏል። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው፤ ስም የሚባል ነገር የትም ቦታ አልተጻፈበትም።

አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ 150 ዶላር ጠርቷል። «ቅዳሜ መጥቼ ልውሰደው እያለኝ ነው። ልስጠው?» አሉኝ።

«ሁለት ሳምንት ይታገሱኝ» አልኳቸው።

ትዕግስቱን ያስተማረኝ ኪሳራ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ያርድ ሴል ላይ (ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ የሚሸጥበት ነው) አንድ የፈረንሳይ ብስክሌት በ200 ዶላር ገዛሁ። ስሙን ሳይክል የማይነዳ ሰው ሳይቀር ያውቀዋል። እኔም የከፈልኩት ለስሙ ነበር። ብስክሌቱን በደንብ ያየሁት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። የፔዳሉ ክንድ ከአክሱ ጋር የተያዘው በሽብልቅ ነው። ማርሽ ቀያሪው ፕላስቲክ። ቸርኬው ብረት፣ ዝናብ ከነካው ፍሬን አይዝም። ሚዛን ላይ 13 ኪሎ ተኩል መዘነ። የ1970ዎቹ መጀመሪያ ዕቃ ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ አሜሪካ በሳይክል አብዳ ነበር፤ በ1973 ብቻ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከዚያ ሁሉ አብዛኛው ለተራ ነጂ የተሠራ ነው። ሃምሳ ዓመት ስለሞላው ብቻ ብርቅ አይሆንም። 70 ዶላር ለጥገና ጨመርኩበትና በ140 ሸጥኩት። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ አሮጌ ኮርሶች በእጄ አልፈዋል። ነጋዴ አይደለሁም፤ እንጀራዬ ሹፌርነት ነው። ሳይክል የእሁድ ከሰዓት ሱሴ ነው። እትዬ ቤት የሠራሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሚዛን። እትዬ ጓዳ የሰው ሚዛን አለ። ብቻዬን ወጣሁ፣ ከዚያ ብስክሌቱን ተሸክሜ ወጣሁ። ልዩነቱ 10 ኪሎ ከትንሽ። ልቤ ትንሽ ዘለለች። የዚያ ዘመን ተራ ብስክሌት 13፣ 14 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ የሚመዝንም ሞልቷል። ብረት ሆኖ 10 ኪሎ አካባቢ ከገባ፣ የሠራው ሰው ስለ ክብደት ተጨንቋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቧንቧው። የአሮጌ ኮርስ ዋጋ ግማሹ ያለው የፍሬሙ ቧንቧ ከምን እንደተሠራ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መቀመጫው ሥር ባለው ቧንቧ ላይ ትንሽ ተለጣፊ ታገኛላችሁ። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 ወይም የጣሊያኑ ኮለምበስ ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ተለጣፊውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። 531 ብሎ ሲያበቃ፣ ዝቅ ብሎ በትንንሽ ፊደል ሦስቱ ዋና ቧንቧዎች ብቻ ናቸው የሚል አለ። ሹካውና የኋላው ክፍል ተራ ብረት ነው ማለት ነው። ሁሉም 531 ከሆነው ጋር ዋጋቸው አይገናኝም። እኔ አንዴ በዚህ ተሸውጃለሁ፤ መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼ።

የእትዬ ብስክሌት ግን ተለጣፊ የለውም። ለምን የለውም ብዬ ስጠይቅ ፊታቸው በራ። «እሱ ራሱ ነው የቀባው። ጋራዥ ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ በመኪና ቀለም። ሲያብረቀርቅ አላየኸውም!» አሉ።

እውነትም ቆንጆ ቀለም ነው። «እጃቸው ይባረክ፣ በጣም ያምራል» አልኩ። ወረቀቴ ላይ ግን የመቀነስ ምልክት አደረግሁ። ሰብሳቢዎች የተላጠ የፋብሪካ ቀለምን ከአዲስ ቀለም አስበልጠው ይገዛሉ። እንደገና የተቀባ ፍሬም ስሙን ያጣል፣ ከሥሩ ምን እንደተደበቀም አይታወቅም። ይሄን ለእትዬ በዚያ ሰዓት መናገር አልሆነልኝም። በኋላ፣ ዋጋውን ሳስረዳ ነው የነገርኳቸው።

ተለጣፊ ሲጠፋ የመቀመጫው ዘንግ ይመሰክራል። የእንግሊዝና የጣሊያን ፍሬም ላይ መቀመጫው የሚሰካበት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፣ 28.6 ሚሊሜትር። የውጩ ካልተለወጠ፣ ውስጡ የሚገባው ዘንግ በወፈረ ቁጥር የቧንቧው ግድግዳ ስስ ነው ማለት ነው። ስስ ግድግዳ ደግሞ ጥሩ ብረት ይፈልጋል። ዘንጉ 27.2 ከሆነ ደስ ይበላችሁ። 25.4 ከሆነ ብዙ አትጠብቁ። የድሮ የፈረንሳይ ፍሬም ቧንቧው 28 ልክ ስለሆነ ጥሩው እንኳ 26.4 ይወስዳል፤ እሱን በዚህ ሒሳብ አትኮንኑት።

ቁጥሩ ዘንጉ ላይ ተቀርጿል፤ ችግሩ እሱን ለማየት ዘንጉ መውጣት አለበት። የእትዬ አልወጣም። ነቅነቅ እንኳ አላለም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ዋጋውን የሚያበላሸው። አሉሚኒየም ብረት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲቀመጥ፣ ላብና እርጥበት ገብቶበት እንደተበየደ ይሆናል። ዘንጉ ካልወጣ ገዢው መቀመጫውን በቁመቱ ልክ ማድረግ አይችልም። እንዲህ ያለ ፍሬም በግማሽ ዋጋ ብትሸጡት ዕድለኛ ናችሁ። በመዶሻ የመታ ሰው ደግሞ ግማሹንም ያጣል። እኔ ቡሎኑን ፈትቼ አወጣሁ። ብስክሌቱን ገልብጬ የዛገ ነገር የሚያላቅቅ ዘይት ከሥር በኩል ጨመርኩ። ማታ ማታ እየሄድኩ እንደገና አጠጣው ነበር። እትዬም ቡና ያፈሉ ነበር። በአምስተኛው ማታ ኮርቻውን በሁለት እጄ ይዤ ስጠመዝዘው «ቋ!» የሚል ድምፅ ወጣ። እትዬ ከላይ ሆነው «ሰበርከው እንዴ?» ብለው ጮሁ። አልሰበርኩትም። ዘንጉ ነጭ ዱቄት ለብሶ ወጣ። በጨርቅ ስጠርገው 27.2 ይላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የምርመራ ሥራ ነው፣ እኔ ደግሞ ይሄ ክፍል ነው ደስ የሚለኝ። የእጅ ባትሪና የጥርስ ብሩሽ ያዝኩ። የኋላ ጎማ አክስ የሚገባበት ጆሮ ላይ ያለውን ጭቃ ፋቅ ሳደርገው ካምፓኞሎ የሚል ጽሑፍ ወጣ። ካምፓኞሎ ከ1933 ጀምሮ የነበረ የቪቼንዛ ፋብሪካ ነው። የዚያ ዘመን እሽቅድድም ብስክሌቶች ማርሽ፣ ፍሬን፣ ክንድ ብዙውን ጊዜ የእሱ ነበር። የኋላ ማርሽ ቀያሪው ኑዎቮ ሪኮርድ የሚባለው ነው። ላዩ ላይ ፓተንት ከሚለው ቃል አጠገብ 76 ተጽፏል። የፔዳሉ ክንድ ጀርባ ላይ ደግሞ አልማዝ ቅርጽ ውስጥ 6 ቁጥር አለች። የ1970ዎቹ ክንድ የዓመቱን የመጨረሻ ቁጥር በአልማዝ፣ የ1980ዎቹ በክብ ውስጥ ይዞ ይገኛል። ሁለቱ ከተስማሙ ዕቃው አልተቀያየረም፤ ብስክሌቱ የ1976 አካባቢ ነው።

የእናንተ ብስክሌት ዕቃ የጃፓኑ ሺማኖ ከሆነ ቀላል ነው። ዕቃው ጀርባ ሁለት የላቲን ፊደላት ፈልጉ። የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ኤ ማለት 1976፣ ቢ 1977 እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ወር ነው፣ ኤ ጥር። አይ እና ዲ ብታገኙ ሚያዝያ 1984 ማለት ነው። ፊደሉ በ2002 ከኤ እንደገና ስለጀመረ፣ የብስክሌቱን ዕድሜ በዓይናችሁም ገምቱ።

ስም የሌለው ፍሬም የየት አገር ልጅ እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ ፔዳሉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔት ነው። ጠርዙ ላይ ልኩ ተቀርጿል። 36 በ24 የሚል ከሆነ ጣሊያን ነው። 1.37 በ24 የእንግሊዝ ልክ ነው፣ ጃፓኖቹም በብዛት የተጠቀሙት እሱን ነው። 35 በ1 ከሆነ በአብዛኛው ፈረንሳይ ነው። ይሄ ለዋጋ ምን አገባው? ብዙ አገባው። የፈረንሳዩ ልክ ዛሬ የቀረ ስለሆነ ኩሽኔቱ ሲያልቅ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ነው፤ ገዢ ይህን ያውቃል፣ ዋጋ ይሰብራል። የእትዬ 36 በ24 ሆኖ ተገኘ። ጣሊያናዊ ነው፣ ያውም ከደህና ቤት። የማን ቤት እንደሆነ ቀለሙ ደብቆታል።

ይህን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሟች በልጅነታቸው የሳይክል ውድድር መንገድ ዳር ቆመው ያዩ እንደነበር አጫወቱኝ። ገረመው ደንቦባ በ1956 ሜልበርን፣ በ1960 ሮም ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የጋለበበት ዘመን ነው። ተማሪ ሆነው አሜሪካ ሲመጡ መጀመሪያ የገዙት መኪና ሳይሆን ይሄንን ነው፣ ከአንድ ተማሪ እጅ። «ጣሊያን ነው ይለኝ ነበር። እኔ ጉራ መስሎኝ!»

አንድ ምርመራ ይቀራል፣ እሱን የዘለለ ሰው ሌላውን ባይሠራም ይሻለዋል። ብስክሌቱ ተጋጭቶ ያውቃል ወይ? ከመሪው ግንድ ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት ቧንቧዎች አሉ። የታችኛውን ሆዱ ላይ፣ ግንዱ አጠገብ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ዳብሱት። ከፊት የተጋጨ ብስክሌት እዚያ ጋ ቧንቧው ይሸበሸባል። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። መሸብሸብ ካለ ፍሬሙ አልቆለታል፤ ዋጋው የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው። የእትዬ ልስልስ ያለ ነው። የፍሬሙ ልክም 57 ሴንቲሜትር ነው፣ ብዙ ሰው የሚነዳው ቁመት። 48 ወይም 64 ቢሆን ያው ጥራት ይዞ ገዢው ጥቂት ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ኢንተርኔት ላይ ተመሳሳይ ብስክሌት ፈልጎ የተለጠፈውን ዋጋ ማየት ነው። የተለጠፈ ዋጋ ምኞት ነው። 1,800 ተብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነካ የተቀመጠ አውቃለሁ። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፤ እሱን ክፈቱ። በስንት ተገዛ የሚለው ነው ዋጋ። ከእሱም ውስጥ አንድ ከፍተኛና አንድ ዝቅተኛ ጣሉ። መላኪያው ተደምሮበት እንደሆነም እዩ፤ ብስክሌት በካርቶን ማሸግና መላክ ከመቶ ዶላር በላይ ሊበላ ይችላል።

ስም ለሌለው ብስክሌት ግን ተመሳሳይ የለም። ስለዚህ ቅርጫ አሰብኩ። ዕቃ በዕቃ፣ ያን ሳምንት የተሸጡትን እያየሁ ጻፍኩ። የኋላ ማርሽ ቀያሪ 75። የፊቱ 35። ማርሽ መቀየሪያ እጀታዎቹ 30። ክንዱ ከነጥርሱ 130። ፍሬኑ ከነእጀታው 120። ቸርኬዎቹ፣ መሃላቸው ላይ ላለው አክስ መያዣ ሲባል፣ 120። የመሪው ኩሽኔት 40፣ የመቀመጫ ዘንግ 50፣ ፔዳል 45። ራቁቱን የቀረ ፍሬም፣ ከነመኪና ቀለሙ፣ 120። ድምሩ 765 ዶላር ሆነ።

ወረቀቱን ለእትዬ አሳየኋቸው። እስከ ታች አነበቡና «ልጄ፣ ይሄ ቅርጫ ነው እንዴ? በሬ አረድክብኝ?» አሉ። እየሳቁ ነው፣ ግን ዓይናቸው አልሳቀም። «እንዳለ ካልሆነ አይሸጥ።»

እውነት ለመናገር እኔም አልፈለግሁም። ቅርጫው በወረቀት ነው የሚያምረው። የኢቤይ ኮሚሽን ከመቶ 13 ገደማ ይወስዳል። አሥር ካርቶን፣ አሥር ጊዜ ፖስታ ቤት፣ ሦስት ወር። መጨረሻ ላይ የማይሸጥ ፍሬም ጋራዥ ውስጥ ይቀራል። ግን ሒሳቡ ይጠቅማል፤ ሙሉ ብስክሌቱ ከዚህ በላይ ብዙ እንደማይሄድ፣ ከዚህም በጣም ዝቅ ካለ እየተበላችሁ እንደሆነ ይነግራችኋል። 150 የጠራው ሰውዬ ይህን ሒሳብ ሳይሠራ አልቀረም። ሌባ ነው አልልም፤ ጠራ እንጂ አልቀማም።

ቀጥሎ የሚቀነሰውን ቀነስኩ። ጎማዎቹ ቸርኬው ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፉት ዓይነት ናቸው፣ ጥንዱ 90። ኬብሎች 30። የመሪ ጥቅል 20፣ የፍሬን ላስቲክ 20። ጠቅላላ 160፣ የእጄን ሳልቆጥር። ተመሳሳይ ዕቃ የለበሱ፣ ቀለማቸው የተቀየረ ጣሊያኖች፣ የሚነዱ ሆነው ከ500 እስከ 700 ባለው ሲሄዱ አየሁ። እንዳለ፣ ከነአቧራው ከተሸጠ ደግሞ 380 አካባቢ ገመትኩ።

ልዩነቱ ጥገናውን ሲቀንሱት ያን ያህል እንዳልሆነ አያችሁ? ሠርቼ ልሽጠው ያልኩት ለሌላ ምክንያት ነው። የማይነዳ ብስክሌት የሚገዛው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ደግሞ ይከራከራል። የሚነዳ ብስክሌት የሚገዛው ሊነዳው ነው። ወሩም ቀርቦ ነበር። በኅዳር ብርድ የማይደወል ስልክ፣ በመጋቢት መጨረሻ ፀሐይ ስትወጣ አያርፍም።

ማጽዳት ላይ አንድ ምክር። ሳሙና፣ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የብረት ብሩሽ፣ አሸዋ ወረቀት፣ የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ አትንኩ። የመሪውን አሮጌ ጥቅል ቀየርኩ፣ ኮርቻውን ግን እንዳለ ተውኩት። የአርባ ዓመት ቆዳ ያረጀበት ቅርጽ ራሱ ገዢ አለው።

ፎቶ በቀን ብርሃን፣ በቀኝ በኩል፣ ማርሹ እንዲታይ አነሳሁ። የ76ቱን ጽሑፍ፣ አልማዟን፣ 27.2ን፣ 36 በ24ን እያንዳንዳቸውን በቅርብ አነሳሁ። የመቀባቱን ነገር አልደበቅሁም። «ባለቤቱ በ1990ዎቹ በእጁ የቀባው» ብዬ ጻፍኩ። 650 ጠራሁ።

ሦስት ሰው «እስከ ስንት ትወርዳለህ?» ብሎ ጠፋ። አራተኛው ከቨርጂኒያ መጣ። ሰውየው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሦስት ነገር አየ። ማርሽ መቀየሪያው የታችኛው ቧንቧ ላይ መሆኑን፣ ፔዳሉ በጠፍር የሚታሰር መሆኑን፣ የፍሬን ኬብሉ ከመሪው በላይ አየር ላይ ቀስት ሠርቶ የሚወርድ መሆኑን። ወዲያው ገባኝ። ሌሮይካ የሚባል የአሮጌ ብስክሌት ጉዞ አለ፤ ከ1997 ጀምሮ ጣሊያን፣ ቶስካና፣ ጋዮሌ በተባለች ትንሽ ከተማ ይካሄዳል። ብስክሌቱ ከ1987 ወዲህ የተሠራ መሆን የለበትም፣ እነዚህን ሦስቱን ማሟላትም አለበት። የ1976ቱ ብረት ከ1990ዎቹ አሉሚኒየም በላይ የሚጠራው አንዱም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ሲመጣ ስለ ፍጥነት አታውሩለት።

መንገዱ ላይ ሁለት ዙር ነዳው። 550 አለ። 600 አልኩ። 580 ላይ ተጨባበጥን። ጥገናው ሲቀነስ ለእትዬ 420 ደረሳቸው።

እትዬ በረንዳ ላይ ነጠላቸውን ደርበው ቆመው ነበር። ሰውየው ሲጭነው ቀለሙን ዳበስ አድርጎ «ማን ነው የቀባው? ጥሩ እጅ ነው» አለ። ለእትዬ ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናው ከመንገዱ እስኪታጠፍ አዩትና ወደ ቤት ገቡ። እኔም ልሰናበት ስል ከምድር ቤቱ ደረጃ ጠሩኝ።

«ና እስቲ፣ እዚህ ጋ ደግሞ የስፌት መኪና አለች። ይቺስ ስንት ታወጣለች?»

ስለ ስፌት መኪና የማውቀው ነገር የለም። ቁጥሯ የት እንደተጻፈ ግን ጎንበስ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ።